መጠጥ ለመተው ስንት ሰው ያስፈልጋል?

አንድ ሰው ጠጪ ለመሆን ብዙ ሰው እንደሚያስፈልገው ሁላችንም እናውቃለን። የሚጋብዘው ያስፈልገዋል፤ አብሮት የሚጠጣ ያስፈልገዋል፤ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» እያለ የሚለምነው ያስፈልገዋል፤ ገንዘብ ሲያጥረው በዱቤ የሚመዘግብለት ባለ ግሮሰሪ ያስፈልገዋል፤ እግሩ ሲከዳው ደግፎ ታክሲ ውስጥ የሚያስገባውና በማግስቱ «ማታ እኮ ጨዋታህ ልዩ ነበር» እያለ የሚያጽናናውም ያስፈልገዋል። ስካር በእኛ አገር የደቦ ሥራ ነው። ታዲያ ይኸው ሰው አንድ ቀን ጧት ተነሥቶ «በቃኝ» ሲል፣ ሁላችንም በአንድ ድምፅ የምንሰጠው ምክር «ወንድ ከሆንክ ቁረጥ!» የሚል ነው። በደቦ የገባበትን ብቻውን እንዲወጣው እንፈርድበታለን። ሳይሆንለት የቀረ እንደሆነም «ድሮስ እሱ!» ብለን ከንፈር እንመጣለን። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ሰውስ ራሱን ብቻውን ሊያድን ይችላልን?

«ቁረጥ» ስንል፣ በእያንዳንዱ ሰው ደረት ውስጥ ፈቃድ የሚባል ጉልበት አለ፤ ለአንዱ ብዙ፣ ለሌላው ጥቂት ተሰጥቶታል፤ ጠጪው ጥቂቱ የደረሰው ነው ማለታችን ይመስለኛል። ነገሩ ጥንታዊ ክርክር ያለበት ነው። ሶቅራጥስ ሰው ክፉ መሆኑን በእርግጥ እያወቀ ክፉን አይመርጥም፤ የሚሳሳተው ባለማወቁ ነው የሚል አቋም ነበረው። አርስጣጣሊስ ግን በኒኮማኮስ ስም በሚጠራው የሥነ ምግባር መጽሐፉ በሰባተኛው ክፍል፣ ይህ በዓይን ከምናየው ጋር የሚጋጭ ነው ሲል ተከራከረ። እያወቀ የሚሸነፍ ሰው አለ፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት እውቀቱ እንደ ተኛ ወይም እንደ ሰከረ ሰው እውቀት ነው፤ አለ፣ ግን አይሠራም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በሰባተኛው ምዕራፍ፣ የሚጠላውን ሲያደርግ የሚወደውን ሲተው ራሱን እያገኘ ያዝናል። ልዩነቱ ጳውሎስ ትግሉን በራሱ ውስጥ ካየ በኋላ የሚያድነውን ከራሱ ውጭ መፈለጉ ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምከተለው ይህንኑ የመጨረሻውን አቅጣጫ ነው፤ ምንም እንኳ የማነሣው ጉዳይ ከሰማይ ይልቅ ወደ ምድር የቀረበ ቢሆንም።

የፈቃድ ማነስ ነው የሚለውን ፍርድ የሚያናጋ ማስረጃ በየዓመቱ በዓይናችን ፊት ያልፋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ በየሰፈሩ በጠጪነታቸው የታወቁ ሰዎች ሳይቀሩ መጠጥ የሚያቆሙ አሉ። ለ55 ቀን! መሐላ አላስማላቸውም፤ የመከራቸው የለም፤ በእግራቸው የሚያልፉበት መጠጥ ቤትም እንደ ወትሮው ክፍት ነው። ፋሲካ ሲመጣ ግን ከዶሮው ጋር መለኪያው ይመለሳል፤ ዳግም ትንሣኤ ሳይደርስ ሰውዬው የነበረበት ቦታ ላይ ይገኛል። በረመዳንም እንዲሁ የሚያደርግ ሙስሊም ጠጪ አይታጣም። እንግዲህ የዚህ ሰው ፈቃድ 55 ቀን ሙሉ እንደ ብረት ጠንክሮ በ56ኛው ቀን እንደ ሰም የቀለጠው በምን ምክንያት ነው? እንደሚመስለኝ የተለወጠው ደረቱ ውስጥ ያለው ሳይሆን ዙሪያው ነው። በጾሙ ጊዜ ሚስቱም ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም ይጾማሉ፤ «አልጠጣም» ሲል «ምነው? አመመህ እንዴ?» የሚለው የለም። ከፋሲካ በኋላ ግን «አልጠጣም» ማለት ማብራሪያ የሚጠየቅበት ቃል ይሆናል። ሲጾም ከብዙ ሰው ጋር ነበር፤ አሁን ብቻውን ሆነ።

ይህን እውነት በራሱ ላይ ፈትኖ የደረሰበት አንድ ሰው ፈላስፋ አልነበረም። ቢል ዊልሰን ይባላል፤ በመጠጥ ምክንያት ሥራውንም ስሙንም ያጣ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1934 መጠጥ ካቆመ ከአምስት ወር በኋላ፣ ለአንድ የንግድ ጉዳይ ኦሃዮ ውስጥ ወደምትገኘው አክረን ከተማ ሄደ። ጉዳዩ ከሸፈ። ብቻውን፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ፣ ሜይፍላወር በሚባል ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቆመ። በአንድ በኩል የቡና ቤቱ ሣቅና ጨዋታ ይሰማል፤ በሌላ በኩል ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። ስልኩን መረጠ። አንድ ቄስ አገኘ፤ ከቄሱም የሰዎች ስም ተቀብሎ እየደወለ የጠየቀው ጥያቄ ግን እንግዳ ነበር። የሚረዳውን ሐኪም ወይም የሚመክረውን አዋቂ አልፈለገም። የፈለገው እንደሱ የሚሰቃይ ሌላ ጠጪ ነው። ደዋዩ ራሱ እንዳይጠጣ፣ ሊረዳው የሚችል ጠጪ ይፈልግ ነበር።

በመጨረሻ ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ የተባለች ሴት ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር አገናኘችው። ስሚዝ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ስለ አልኮል ጉዳት ከዊልሰን የበለጠ እንጂ ያነሰ አያውቅም፤ ግን መተው አልቻለም። ግንቦት 12 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ሲገናኙ ሐኪሙ 15 ደቂቃ ብቻ ለመቆየት ነበር የመጣው። የተለያዩት ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ በሌሊት ነው። ዊልሰን አልመከረውም፤ አልገሠጸውም፤ በራሱ ላይ የደረሰውን ነገረው እንጂ። ስሚዝ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሶ ወደቀ፤ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው ሰኔ 10 ቀን 1935 ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ ስማቸውን የማይገልጹ ጠጪዎች ማኅበር የልደት ቀኑን የሚቆጥረው ከዚያች ዕለት ነው። ዛሬ በ180 ያህል አገሮች ከመቶ ሺህ በላይ ቡድኖች አሉት።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ሐኪሙ እውቀት አልጎደለውም፤ የጎደለው ሁለተኛ ሰው ነበር። ዊልሰንም ቢሆን የዳነው በመቀበል ብቻ ሳይሆን በመስጠት ነው። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለውን ተረታችንን ስንጠቅስ ዘወትር የምናስበው ጤነኛው ለታመመው መድኃኒት ሲሆን ነው። የታመመው ለታመመው፣ ያውም ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ መድኃኒት ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም።

በተግባር ነገሩ ምን ይመስላል? ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ አብሮ አደግ አለኝ። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱን የሚያሳውቀውን ግን ትቼዋለሁ። በእንዲህ ያለ ከተማ ስብሰባ ማግኘት ቀላል ነው። በየቀኑ፣ በየሰፈሩ፣ ጧት ከሥራ በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ ማታም ይካሄዳል፤ ዝርዝሩ በስልክ ይገኛል፤ ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ ደግሞ በኢንተርኔት የሚካሄደው በዝቷል። መመዝገቢያ የለም፤ ክፍያ የለም፤ የሚጠየቀው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ወዳጄ ዝርዝሩን ይዞ ሦስት ሳምንት ከረመ። ለቤቱ የሚቀርበውን ስብሰባ ተወው፤ በዚያ መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉና። ቀጥሎ ያለውንም ተወው። በመጨረሻ 40 ደቂቃ ነድቶ አንድ ሐበሻ ዝር የማይልበት የመሰለውን ሰፈር መረጠ። የመጀመሪያ ቀን መኪናው ውስጥ ሆኖ የሚገቡትን ሰዎች ሲቆጥር ቆየና ተመለሰ። በሁለተኛው ሳምንት ገባ። አድራሻ ማግኘትና በር መግፋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ስብሰባዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ዝጉ ስብሰባ ለጠጪዎቹ ብቻ ሲሆን፣ ክፍት የሚባለው ላይ ግን ዘመድ ወዳጅም መቀመጥ ይችላል። ቦታው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ ታጣፊ ወንበሮች፣ በትልቅ ማፍያ የተዘጋጀ ቡና፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ደንቦች። አንዱ ተነሥቶ የራሱን ስም ብቻ፣ ያለ አባቱ ስም፣ ይናገርና የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን ይገልጻል፤ ሌሎቹ በስሙ ጠርተው ሰላም ይሉታል። ይናገራል፤ ማንም አያቋርጠውም፤ ሲጨርስ ማንም አይመክረውም፤ ተራው ወደሚቀጥለው ያልፋል። መናገር የማይፈልግ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይችላል። ለቡናውና ለክፍሉ ኪራይ የሚሆን ቅርጫት ይዞራል። አንድ ሰዓት ሲሞላ ያልቃል። የሰማሁትን እዚህ አልጽፍም፤ እዚያ የተነገረ እዚያ መቅረት አለበት። ልናገር የምችለው የገረመኝን ብቻ ነው። በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ሰው ሁሉ ስለ ራሱ ጥፋት የሚናገርበትና ስለ ሌላው ጥፋት ማንም የማይናገርበት ስብሰባ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወዳጄ መሄድ ከጀመረ በአራተኛው ወር የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ምሽት ዘግየት ብሎ ሲገባ ፊት ለፊት አንድ ሐበሻ ሽማግሌ ተቀምጠው አየ። በቤተ ክርስቲያን የሚያውቃቸው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለእርቅ የሚጠሩ፣ ሰው ብድግ ብሎ ወንበር የሚለቅላቸው ሰው ናቸው። ተመልሶ ሊወጣ አሰበ፤ ግን ታይቷል። ስብሰባው ሲያበቃ ሽማግሌው መጥተው እጁን ያዙና «እኔ እዚህ መምጣት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው» አሉት። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ እንኳ…» ብሎ ሊያስተባብል ሲል «እዚህ ጋሼ የለም፤ ስሜን ጥራኝ» አሉት። ሁለቱም ያን ሩቅ ሰፈር የመረጡት በአንድ ምክንያት ነበር፤ እንደ እርሳቸው ካለ ሰው ለመሸሽ እሱ፣ እንደ እሱ ካለ ሰው ለመሸሽ እርሳቸው። ዛሬ ልጁ ሊጠጣ ሲዳዳው በሌሊት የሚደውለው ለኒያ ሽማግሌ ነው። ስማቸውን ብቻውን ለመጥራት ምላሱ የተፈታው ከወራት በኋላ ነው፤ «አንተ» ማለቱ ግን እስከ ዛሬ አልሆነለትም።

ይሉኝታን ማብጠልጠል ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈልግም። የሰው ዓይን ብዙዎቻችንን ከብዙ ክፋት ጠብቆናል። ሐሜትም ባዶ ፍርሃት አይደለም፤ በሐሜት ትዳር ይፈርሳል፤ እንጀራ ይቋረጣል። ነገር ግን ሁለት የምናምታታቸው ነገሮች አሉ። የሌላውን ገመና መሸፈን ምግባር ነው፤ የራስን በሽታ መደበቅ ግን ምግባር አይደለም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና። የስም አለመገለጥ ደንብም የገባኝ በዚህ መንገድ ነው። ሌላው ገመናዬን እንደሚሸፍንልኝ ካወቅሁ እኔ በሽታዬን መደበቅ አያስፈልገኝም። እርስ በርስ የምንሸፋፈን ከሆነ ብቻ ነው በግልጽ መናገር የሚቻለው። ንስሐ አባት አለን፤ ይህ ከእርሱ በምን ይለያል? የሚል ይኖራል። ንስሐ ከበታች ወደ በላይ የሚቀርብ ነው፤ አባታችን ሰምተው ይፈቱናል እንጂ በተራቸው የራሳቸውን አይነግሩንም። በዚያ ክፍል ግን አድማጩ ቀጥሎ ተናጋሪ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም፤ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ተቃውሞ የለም አልልም። የመጀመሪያው «ይህ አንዱን ጥገኝነት በሌላ መለወጥ ነው፤ ነፃ ሰው በየሳምንቱ ስብሰባ አያስፈልገውም» የሚል ነው። ነፃነት ማለት ማንንም አለመፈለግ ከሆነ፣ ከሁላችንም የበለጠ ነፃው ሌሊት ብቻውን በሩን ዘግቶ የሚጠጣው ሰው ነው። እርሱ ከጠርሙሱ በቀር ማንንም አይፈልግም። ሐኪሙ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በጥር 1961 ለዊልሰን በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰውን ከዚህ ጥፋት የሚጠብቀው እውነተኛ መንፈሳዊ ማስተዋል ወይም የሰዎች ማኅበር የሚሆንለት አጥር እንደሆነ አመልክቶ ነበር። አጥር ያለው ቤት እስር ቤት አይደለም።

ሁለተኛው የእምነት ጥያቄ ነው። የማኅበሩ 12 ደረጃዎች ከሰው ስለሚበልጥ ኃይል ይናገራሉ፤ ይህ የማይዋጥላቸው አሉ። ለነዚህ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተውን የሴቶች ማኅበርና በ1994 የተቋቋመውን ስማርት ሪከቨሪን የመሰሉ፣ በሌላ መንገድ የሚሄዱ ቡድኖች አሉ። ሦስተኛው «ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮክሬን ተቋም ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ ወደዚህ ማኅበር የሚመሩ ሕክምናዎች ሙሉ በሙሉ መጠጥ በማስተው ረገድ ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንሱ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጡ አግኝቷል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ይድናል ማለት አይደለም። ሐኪምንም አይተካም። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም የሚጥል በሽታና መቃዠት ሊመጣበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላልና በቅድሚያ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እዚህ ላይ የራሳችንን አንደበት መታዘብ አለብን፤ «አማኑኤል ገባ» የሚለውን ቃል ስድብ አድርገን ስንቱን ከሆስፒታሉ በር መልሰነው ይሆን?

ወደ አገራችን ልመለስ። እንዲህ ያለው ስብሰባ በከተሞቻችን እንደ እድር በየመንደሩ የሚገኝ ነገር አይደለም። ሰው ግን መፈለጉን አላቆመም። ጠበል የሚገባው፣ ስለት የሚሳለው፣ መስጊድ ወይም ጸሎት ቤት የሚጠጋው በዚሁ ፍለጋ ነው። ጠበል ከሄዱት ብዙዎቹ የሚያወሩት ስለ ውኃው ብቻ አይደለም፤ አጠገባቸው ተኝቶ ስለነበረው፣ ችግሩን ስላጫወታቸው ሰውም ነው። ከሱባኤው ሲመለሱ የሚያጡት ያን ሰው ነው።

ማኅበር መመሥረት ደግሞ ከማንም የምንማረው ጥበብ አይደለም። ለቀብር እድር አለን፤ ለገንዘብ ዕቁብ አለን፤ ለጻድቃን መታሰቢያ ጽዋ አለን። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ተራ መጠበቅን፣ መዋጮን፣ የቀረውን ሄዶ መጠየቅን እናውቅበታለን። የሚያሳዝነው ግን ከነዚህ ውስጥ የአንዱ ስሙ እንኳ ጽዋ መሆኑ ነው፤ መጠጥ የተወው ሰው ከጠላው ጋር ማኅበሩንም የተወ ይመስለዋል፤ እኛም እንደዚያ እናስመስልበታለን። በወር አንድ ቀን ብርዝ አዘጋጅቶ «ይኸ ያንተ ነው» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ለድንኳንና ለወንበር ማስቀመጫ ካላቸው እድሮችስ አንዱ፣ በሳምንት አንድ ምሽት አንዱን ክፍል ማን ገባ ማን ወጣ ሳይል ቢከፍት ምን ይጎድልበታል? ሰውን ስንቀብር የምናሳየውን ትብብር ግማሹን እንኳ ሳይሞት ብናሳየው አባል አይቀንስብንም።

እንግዲህ በርእሱ ላይ ለጠየቅሁት ጥያቄ የምሰጠው መልስ «ሁለት» የሚል ነው። አክረን ውስጥ ያ ነገር ሲጀመር አዳራሽ አልነበረም፤ ደንብ አልነበረም፤ ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር። አንድ ጠጪና ሌላ ጠጪ ተቀምጠው እውነቱን ተነጋገሩ። ይህን የሚያነብና ነገሩ የሚመለከተው ሰው ካለ፣ በአካባቢው ስብሰባ ቢያገኝ ይግባ፤ አንዱ ባይስማማው ሌላውን ይሞክር። ባያገኝ ደግሞ፣ አብረውት ከሚጠጡት መካከል በልቡ እንደሱ «በቃኝ» የሚል ቢያንስ አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርምና እሱን ይፈልገው። ምናልባት ያም ሰው የመጀመሪያዋን ቃል ከሌላው አፍ ለመስማት እየጠበቀ ይሆናል። የማይጠጣው አንባቢ ድርሻ ደግሞ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ግብዣ ላይ አንድ ሰው ብርጭቆውን በእጁ ከድኖ «ይቅርብኝ» ሲል «በሞቴ» አይበለው።